በሦስተኛው ፖስታ የገባው ቃል

«አላልሁም አልልም» አሉ ሽማግሌው። «ያልሁትን ነው የጻፈው።»

«አባባ፣ ይካዱ አልተባሉም» አለ አብሮን የታሰረው መምህር ወደ እኔ እየጠቆመ። «እሱ አለስልሶ ይተርጉመው። አንቱ ዝም ይበሉ። ዝም ማለት ውሸት ነው?»

ክርክሩ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። ወልድያ ውስጥ ነን፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል አሥራ ሦስት ሰዎች ታጉረናል። ግድግዳው ላይ እስከ ደረት ድረስ የማሽላ ትቢያ ተጣብቆ ቀርቷል፤ የተደገፈ ሰው ሲያስነጥስ ይውላል። እኔን ያመጡኝ ከአንድ ቀን በፊት ከመርሳ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ አንስተው ነው። ሽማግሌው የግራና አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ከእኔ ሦስት ቀን ቀድመው ገብተዋል። ሁለታችንንም ያሳሰረን አንድ አባባል ነው። እሳቸው ተናገሩት፤ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍሁት። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሞካክር ሰው ግማሹን ተረድቶ አስይዞናል። ከሰዓት በኋላ መርማሪው ፊት ቀርበን እኔ ሙሉውን ልተረጉም ነው።

የመርሳን መንገድ የሚመላለስ ሹፌር አብሮን ታስሮ ነበር። «የፈረንጅ ቢሮ እኮ ጥሩ ነው» አለኝ። «ሻዩን አራት ሰዓት ላይ ትጠጣለህ፣ ዱላውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትቀበላለህ።»

ከእኔ በቀር የሳቀ የለም። ስለ ሻዩ እውነቱን ነበር።

የምሠራበት የውጭ ድርጅት ለገበሬው ዘር ያከፋፍላል፣ ምንጭ ያጎለብታል። ቢሮው መርሳ ውስጥ የተከራየነው የቆርቆሮ ቤት ነው። ኃላፊው ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ረጅም ፈረንጅ ነበር፤ ጎርፍ ቢመጣም አራት ሰዓት ላይ ሻይ አይቀርም። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለን። ከሲሪንቃ የምርምር ጣቢያ የሚመጣው ዘር መዘግየት፣ የመኪናው ጎማ፣ የጠፋው የሽንት ቤት ቁልፍ፣ ሁሉም በእኩል ክብደት ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራሉ። እኔ ጸሐፊም አስተርጓሚም ነበርሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁ፣ እንግሊዝኛዬን ከአሮጌ መጽሔት የለቀምሁ፣ ማንም ያላነበበው አንድ ደብተር ግጥም የያዝሁ ሰው።

ገበሬዎችን እየጠየቅን የምንሞላው ፎርም ነበረን። ከታች ለሌላ አስተያየት የተተወ ሁለት መስመር አለ። ኃላፊው ከፎርሙ ሁሉ ያንን ቦታ ይወደዋል። የሰውየው ቃል ሳይለወጥ ይጻፍ፣ ስሙም ይኑርበት፣ ሩቅ ያሉት አንባቢዎች ሰው መናገሩን ይመኑ ይለን ነበር።

ገበሬውን በመኪና እየጫኑ ወደ ሰፈራ የሚወስዱበት ጊዜ ነው። ሽማግሌውን ለመጪው ክረምት ስንት ማሳ እንደሚዘሩ ጠየቅኋቸው። ማሳቸውን ሳይሆን እኔን እያዩ መለሱልኝ። «ሙት እንኳ በቀዬው ይቀበራል። እኛን በቁማችን ጭናችሁ የት ልትቀብሩን ነው?»

ቃል በቃል ጻፍሁት። የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ እንዲህ መናገር ባለመቻሌ ቅናት ነበር።

ሰኞ ዕለት ኃላፊው ጮክ ብሎ አነበበው፤ ደገመው፤ ትርጉሜን በሰው ፊት አመሰገነ። በጻፍሁት ነገር ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው። ሪፖርታችን በሦስት ፖስታ ይወጣል፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ኃላፊው አገር፣ ሦስተኛው ወልድያ ወዳለው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት። የገበሬዎቹ ቃል ያለበት አባሪ በሦስተኛው ውስጥ እንዳይገባ ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። አስገባሁት። ረስቼ አይደለም። ወልድያ ያሉትም እንዲያነቡልኝ ፈልጌ ነው።

የታሰርንበት ክፍል ውስጥ ይህንን የሚያውቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወሰዱን። መርማሪው በእኔ ዕድሜ ቢሆን ነው። ወረቀቱ ፊቱ ተቀምጧል፤ የጽሕፈት መኪናዬ ሁልጊዜ የምታደበዝዘው ፊደል ከሩቅ ታየኝ። አንብብ አለኝ። መምህሩ እንደመከረኝ አደረግሁ። ሙት በቀዬው ይቀበራል፣ እኛ ግን መንግሥት ወዳለን እንሄዳለን ይላል አልሁ። መርማሪው በአማርኛ ጻፈውና ወደ ሽማግሌው ዞረ። አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» ብሎ ጠራቸው።

«አንተ፣ ያልኸው ይህንን ነው?»

አዎ ቢሉ ያልቅ ነበር። ፊርማቸውን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ። እኔን አዩኝ።

«ልጁ ፈርቶ ነው» አሉ። «ያልሁት እንዲህ ነው።»

መርማሪው እንዲደርስባቸው በየመሐሉ እያረፉ፣ አንድም ቃል ሳይጥሉ ተናገሩት። ጸሐፊ የታዘዘውን ይጽፋል፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው ብለው ጨመሩበት። መርማሪው የቀድሞውን ሰርዞ አዲሱን ጻፈ፤ ጣታቸውን ቀለም አስነክሮ አስፈረማቸው። ቀለሙን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት።

እኔ ስለ ሐሰተኛው ትርጉም ውስጥ እግሬን ተገረፍሁ። ስለዚያ የምጨምረው የለኝም።

ክፍላችን ስንመለስ መምህሩ ተቆጣ። ነፍስዎን በእጅዎ ሰጡ አላቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አንጥፈው እግሬን በላዩ ካስቀመጡልኝ በኋላ ነው የመለሱለት።

«እንሄዳለን ብዬ ብፈርም ነገ መንደሩን ሰብስበው ያነቡበታል። ሽማግሌያችሁ ተስማምቷል ይሉታል። ሰዉ ምን ብሎ እንቢ ይላል?»



በማግስቱ ቀትር ላይ ጠባቂው በሩን ከፍቶ የሽማግሌውን ስም ጠራ። «ከነዕቃህ» አለ። ከነዕቃው ተጠርቶ ከወጣ በኋላ በደብዳቤም በዘመድም ወሬው የተሰማ ሰው እስከዚያ ቀን እንዳልነበረ ቀድመው የገቡት ነግረውኛል።

«ዙህር ደርሷል» አሉት ሽማግሌው። «ሰግጄ ልውጣ።»

ጠባቂው የዚያው አገር ልጅ ነው። መቃኑን ተደግፎ ወደ ግቢው ማየት ጀመረ። ከመጠጥ ውኃችን የቀረው አንድ ጣሳ ነበር፤ ሹፌሩ ማንንም ሳያማክር አቀበላቸው። ግማሹን ለውዱእ ታጥበውበት ግማሹን መለሱለት። አልቸኮሉም። ሲሰግዱ ሁላችንም እግራችንን ሰብስበን ቦታ ለቀቅንላቸው።

ዛሬም ቢሮ ነው የምሠራው። ጥሩ አነጋገር ስሰማ እጄ አሁንም ወደ ብዕር ይሄዳል፤ ይዤ አስቀረዋለሁ። ስፈታ ቢሮው ተዘግቶ፣ ኃላፊው ከአገር ወጥቶ ነበር። ወደ አገሩ የሄደው ፖስታ የት እንደደረሰ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ መልስ የለም። ግራናም ሄጄ ነበር። ሽማግሌውን ከዚያ ቀን በኋላ ያየ አላገኘሁም። ከጎረቤቶቻቸው ግማሹ ተጭኖ ተወስዷል። ሽማግሌያችሁ ተስማምቷል የሚል ወረቀት ግን ማንም አላነበበባቸውም።

ያን ቀን ሽማግሌው ሰግደው ሲነሡ ግድግዳውን ይዤ አጠገባቸው ደረስሁ።

«አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ። ወረቀቱን ለአውራጃው የላክሁት እኔ ነኝ። አትላክ ተብዬ ነበር።»

ጋቢያቸውን ማጠፋቸውን አላቆሙም።

«ለምን ላክኸው?»

«ስለሚያምር።»

ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ፈረንጁ አገርስ ደርሷል?»

ደርሷል ማለት እችል ነበር። በፊታቸው አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ መድገም አልሆነልኝም።

«አላውቅም» አልሁ።

«እንግዲያው ከወጣህ ጠይቅ» አሉኝ።

ለተቀመጡት ሁሉ ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። ጠባቂው በሩን ዘጋው።