አባቴ ያጠቡት ዛፍ

አባቴን ሥራ ቦታዬ ይዣቸው መሄድ የጀመርኩት ቤት ቁጭ ብለው ስልክ እንዳይዙብኝ ብዬ ነው። አዲስ አበባ የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ሚያዝያ ላይ አረፉ። አባቴ ደግሞ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ልባቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶላቸው ገና ማገገማቸው ነበር። ቤተሰቡ በስልክ መከረ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም ተጨመሩበትና መርዶው የመስከረሙ የሐኪም ቀጠሮ እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። እስከዚያ ድረስ፣ አጎትሽ ገጠር ወርደዋል፣ ኔትወርክ የለም በዪ አሉኝ። እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝና አልኩ። ቶሮንቶ ሬክስዴል ሰፈር ያለው አፓርታማችን ግን ሁለት ክፍል ነው፤ አምስት ወር ሙሉ ከአባት ዓይን የሚሸሹበት ጥግ የለውም።

ዶክተሩ በእግር ይሂዱ ስላለ ሰበቡ ተገኘልኝ። የምሠራው ከቶሮንቶ በመኪና አንድ ሰዓት በሚርቅ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። ግማሹ ቢች የሚባል ዛፍ የሞላበት ጫካ ነው፤ ግንዱ ግራጫ፣ ቅርፊቱ ሲዳስሱት ልስልስ ያለ። ግማሹ ሜዳ ነው። ከሥሩ ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል፣ ከላይ ያለው አፈር ከጣት አንጓ አይበልጥም፣ እዚያች አፈር ላይ ግን ሌላ ቦታ የማይታይ ሣርና አበባ ይበቅላል። አባቴ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የሠሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳው ዳር ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ለኩና፣ "በዚህ አፈር ችግኝ አፍላ ቢሉኝ በማግስቱ ሥራ እለቅ ነበር" አሉ።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ቀረጹና ለወንድማቸው ላኩት። "እየው እንግዲህ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ ነገር። አንተ ደግሞ ጓሮህ ጎመን አልበቅል አለኝ ትላለህ" ብለው በድምፅ ጨመሩበት። ስልኩ ላይ አንድ ራይት ብቻ ታየ፤ ተልኳል ግን አልደረሰም ማለት ነው። ሁለተኛው እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ። እኔ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ፣ ሌላ የማደርገው ነገር አላገኘሁም።

በየቅዳሜው ይህንኑ ያደርጉ ነበር። አበባውን፣ ሣሩን፣ አንድ ቀን እንቁራሪት ሳይቀር ላኩ። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት።

ዛፉን ያገኙት ሰኔ ላይ ነው። መንገዱ ዳር የቆመ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ቢች ነበር። ግንዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። አባቴ በጥፍራቸው ጫር አድርገው፣ "ይሄማ ተባይ ነው። በሳሙና ውሃ ይታጠባል" አሉ። ተባይነቱ ልክ ነው፣ ማጠቡም ያስለቅቀዋል። ነገር ግን እኔ በግንቦት ቅጠሉን አይቼዋለሁ። ወደ ላይ አንጋጠው በብርሃን ሲያዩት በቅጠሉ ጅማቶች መሀል ጥቁር ሰንበር ይታያል። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ በዓይን የማትታይ ትል ታመጣዋለች፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ለጫካ የሚሆን መድኃኒት የለውም። ዛፉ መንገድ ዳር ስለሆነ ሰው ላይ እንዳይወድቅ በመከር የሚቆረጡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኃላፊዬን ሄጄ ጠየቅኳት። "ይጠቡት፣ አይጎዳም። ግን ንገሪያቸው" አለችኝ። እሷ ምን አለባት፣ ለእሷ ንገሪያቸው ማለት መናገር ብቻ ነው። እኔ ላንዱ ሞት ያፈንኩትን አፍ ለዛፍ ብዬ ብከፍተው ሌላውም ተከትሎ እንዳይወጣ ፈራሁ።

ስለዚህ አባቴ ክረምቱን ሙሉ ዛፍ አጠቡ። ባልዲና ለስላሳ ብሩሽ ከሰፈራችን ሱቅ ገዙ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ፣ ልጅ እንደሚያጥብ ሰው ቀስ አድርገው ያሹታል። አላፊ አግዳሚው ፈገግ እያለ ፎቶ ያነሳቸዋል። "ባለፈው ሳምንት ካጠብነው አልተመለሰም፣ አየሽ?" ይሉኛል። አየሁ እላለሁ። ከላያቸው ቅጠሉ እየተኮማተረ ነበር፤ አንጋጠው እንዳያዩ በወሬ እይዛቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ከንቱ ልጅ ወልደዋል።

የሐኪሙ ቀጠሮ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኃላፊዬ በጣሳ የሚረጭ ብርቱካናማ ቀለም ሰጠችኝ። ሰኞ ቆራጮቹ ስለሚመጡ የዝርዝሩ ዛፎች ሁሉ ዛሬ ምልክት ይደረግባቸው አለች። አባቴ ቀድመውኝ ሄደው ባልዲያቸውን ሞልተው ጀምረዋል። ሌሎቹን ሁሉ ቀባሁ። ያንን ለመጨረሻ አስቀረሁት፣ በመጨረሻም ከእሱ በቀር የቀረ ጠፋ።

"አባዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አልኩ።

ፈቀቅ አሉ። ባጠቡት ቦታ ላይ ቀለሙን ረጨሁት። የቀለሙን ትርጉም ማንም አልነገራቸውም፣ ግን እሳቸውም በጊዜያቸው ዛፍ ያስቆረጡ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ቅጠሉን አዩ። ጥቁሩን ሰንበር አዩት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ግንቦት ላይ።"

"እኔ ብሩሽ ስገዛ ታውቂ ነበር?"

"አዎ አባዬ። ደስ ብሎዎት ስለነበር..." አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ምንኛ ይሻለኝ ነበር። የባልዲውን ውሃ ሣሩ እንዳይነካ ጠጠሩ ላይ ደፉት፣ ብሩሹን አራግፈው ውስጡ አስቀመጡት። እጃቸውን በሱሪያቸው አድርቀው ሲያበቁ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ግን አልደወሉም፣ መዳፋቸው ላይ ይዘውት ቆሙ።

"ወንድሜ አለ?" አሉኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። ዓይኔን ዓይኔን እያዩኝ ነው። የሽማግሌዎቹን ቃል፣ የዶክተሩን ቀጠሮ፣ የዘመዱን ሁሉ አደራ አሰብኩ። የቀለሙን ጣሳ እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣሳውን ከእጄ ወስደው ከባልዲው አጠገብ አኖሩት።

"በቃ ተይው፣ አንቺ አትንገሪኝ" አሉ፤ "ላንቺ ከባድ ነው። ሽማግሌዎቹ በደንቡ ይምጡ። የሚመጡበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ፣ ልብሴን ለብሼ እጠብቃቸዋለሁ።"