የባሕር ዳር መሬት

ቤት መሸጥ እችልበታለሁ። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ስንቱን ሐበሻ እጁን ይዤ ቤት እንዳስገዛሁ እኔና የመኪናዬ ጎማ እናውቃለን። "ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት" ያለኝን ሁሉ የመጋረጃ ቀለም አስመርጬ ነበር የምሸኘው።

ከዚያ የቤት ገበያው ወደቀና ስልኬ ጭጭ አለ። ደላላ ከመሆኔ በፊት አንዲት ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት የፓርኪንግ ትኬት ቆርጫለሁ። ስወጣ ዳግመኛ አልመለስባትም ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ሕልሜ ውስጥ እየመጣች አላስተኛ አለችኝ።

በዚያን ሰሞን ነው አርሊንግተን ቢሮ ያለው አንድ አሜሪካዊ ኮል ያደረገልኝ። ፀጉሩ ሸብቶም በሳንቃ ሞገድ ላይ የሚንሸራተት፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ሰውዬ ነው። ፓናማ ውስጥ አስፋልት በማታውቅ የዓሣ አጥማጆች መንደር መሬት ገዝቶ እየሸነሸነ ይሸጣል። ሞገድ የሚጋልቡና ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ዓሣ የሚያዩ ቱሪስቶች መጉረፍ ስለጀመሩ፣ ዛሬ የገዛ ነገ ያተርፋል ባይ ነው። ለሐበሻው አንቺ ሽጪልኝ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ስድስት ሰው ካስፈረምሽ ሥራው ያንቺ ነው አለኝ። አንድ ምክርም ጨመረልኝ፦ አገሩን ቀድመሽ አትናገሪ፣ ፎቶው ልባቸውን ይውሰደው፣ ካርታው በኋላ ይደርሳል።

ማስታወቂያውን ራሴ በአማርኛ ጻፍኩት። ቢችፍሮንት የሚለውን እንግሊዝኛ ምን ልበለው ብዬም ብዙ አልተጨነቅኩ። "ባሕር ዳር መሬት ይግዙ! ዘንባባ፣ ዓሣ፣ ንጹሕ አየር። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ" ብዬ በየሐበሻው ግሮሰሪ በር ላይ ለጠፍኩ። እናንተ አሁን ስቃችኋል። እኔ ግን የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ልቤ ደግሞ ስድስቱ ፊርማ ላይ ነበር፤ ጭራሽ አልታየኝም።

ቅዳሜ አዳራሹን ስከፍት አንድ ሽማግሌ ከረባት አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮና በአውቶቡስ ብቻቸውን ነው የመጡት። ዓይኔ ደክሟልና ከፊት አስቀምጪኝ አሉኝ። ልጃቸው መሬቱ ደህና ከሆነ ይያዙ ብላ ቼክ ጽፋ ሰጥታቸዋለች። "የቀረችኝን ዕድሜ እዚያው ቁጭ ብዬ ውሃውን እያየሁ ብጨርስ ሌላ አልፈልግም" ሲሉኝ፣ አንደኛው ፊርማ ተገኘ ብዬ ቅጹንና እስክሪቢቶውን ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው።

ሰዉ መጣ መጣና ወንበር ጠፋ። እኔ እቴ! በራሴ ተደነቅኩ። ፎቶዎቹን ሸራ ላይ ማሳየት ጀመርኩ። ውሃው፣ ጀልባው፣ ግራና ቀኝ ዘንባባ የተሰለፈበት መንገድ፤ በየፎቶው ሰዉ በናፍቆት ከንፈሩን ይመጥጣል። ሞገድ ጋላቢዎቹ ሲመጡ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ፣ ይሄም እዚያ ተጀመረ እንዴ፣ ለካ አገሩ ተለውጧል ስትል ሰማሁ። ነገሩ አሁንም አልገባኝም።

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ሸራው ተጠጉና ጣታቸውን አንዱ ዘንባባ ላይ አኖሩ።

"ልጄ፣ ይኼ ወደ ሐይቁ የሚያወርደው መንገድ ነው አይደል? ማዘጋጃ ቤት የቀን ሠራተኛ ሳለሁ እነዚህን የተከልኩ እኔ ነኝ።"

የምን ሐይቅ ልላቸው አፌን ስከፍት ነገሩ በራልኝ። ጉድ ፈላ! ይህ ሁሉ ሰው የመጣው ለባሕር ዳር ከተማ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፣ ሰዉ ቸኩሏል፣ ካርታው በኋላ ይደርሳል ተብያለሁ። ያቺ የፓርኪንግ ክፍል ከነወንበሯ ፊቴ ድቅን አለች። ሽማግሌው ግን ወደ ቦታቸው ተመልሰው ስማቸውን በአማርኛ ፊደል ቀስ አድርገው መጻፍ ጀመሩ። ያን ሳይ አልቻልኩም።

"ወገኖቼ፣" አልኩ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ባሕር ዳር ያልኩት ከተማዋን አይደለም፣ የባሕር ዳርቻ ለማለት ነው። አገሩ ፓናማ ነው።"

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፣ ከዚያ ስድብ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አዳራሹ ባዶ ወንበር ብቻ ሆነ። ሽማግሌው አልተነሡም። ዘንባባዎቹን አሁንም እያዩ ነው።

"እነዚህንስ ማን ተከላቸው?" አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ዳር ላይ መረብ የተሰጣበትን ቤት አሳይተው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ሸጦ ወደ ኮረብታው ወጥቷል፣ አልኩ። ከዚያ ከኮረብታው ላይ ውሃው ይታየው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እሱንም አልጠየቅኩም አልኳቸው። እስክሪቢቶዬን መለሱልኝ።

"የኔ መስሎኝ ነው የመጣሁ። የሰው ዘንባባ አልገዛም።"

በመኪናዬ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ አደረስኳቸው። ሰኞ ለአሜሪካዊው ደውዬ ተሰናበትኩትና ወደ ፓርኪንጓ ክፍል ተመለስኩ። አፍሬ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ ግን አልጸጸተኝም።

ገበያው ሲያገግም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ አሁንም የሚስተካከለኝ የለም። አንድ ቀን የሽማግሌው ልጅ ቤት ፈልጊልኝ ብላ ደወለች። አንድ ቤት አግኝቼ ላሳያቸው አባትና ልጅን ቀጠርኳቸው። አባቷ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም ዞር ብለው ሳያዩ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወጡ። አንድ ትልቅ የበለስ ዛፍ ሥር ቆመው ግንዱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወደኔ ዞሩ።

"ይህንን ማን ተከለው?"

ይህን ጊዜ ጠይቄ ነበር። የቤቱ ባለቤት አሮጊት በእጇ እንደተከለችው፣ ማንም ሳያስገድዳት ልጆቿ ጋ ለመኖር እንደምትሄድ፣ ዛፉን ውሃ የሚያጠጣላት ሰው ብቻ እንደምትፈልግ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"በይ እስክሪቢቶውን አምጪው።"