የድንች ማኅተም

እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም ምክሯን መሬት አልጣልኩትም። የቀበሌው ሰው ካዛንቺስ ያለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ «እዚህ ሕፃናት ይማራሉ ሲባል ሰምተን ነው» ያለኝ ቀን፣ በሆዴ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ማን ነገራቸው?

ትምህርት ቤት እንኳ የሚባል አልነበረም። የምሠራበት ድርጅት ተዘግቶ ቤት ስውል የአራት ዓመት ልጄን በጨዋታ ማስተማር ጀመርኩ። ያንን ያዩ አጥር የምንጋራቸው እትዬ የልጅ ልጃቸውን አመጡልኝ፤ ፊት ለፊታችን የምትኖረው ነርስ ደግሞ መንታ ወንዶች ልጆቿን። ሶፋውን ወደ ጥግ ገፍተን ሰፈራችንን የሚያገለግሉ ሰዎችን እየሆንን እንጫወት ነበር። ከውጭ የመጣው የሥዕል መጽሐፌ በፖስተኛ ይጀምራል። በየቤቱ እየዞረ ደብዳቤ የሚያድል ሰው ግን የት አይተው? ልጄ ሥዕሉን ትኩር ብላ አይታ «ሌባ ነው?» አለችኝ። ፖስተኛውን ተውኩትና የሚያውቋቸውን ያዝን። ከብስኩት ካርቶን ቆብ ሠርተን ትራፊክ ፖሊስ ሆንን፤ ፊሽካውን ወዲያው ደበቅሁት እንጂ። አሻንጉሊት እየወጋን ነርስ ሆንን። ቆሻሻ ሰብሳቢ የሆንን ቀን ቤቱ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ካጣሁ ወዲህ ጠዋት በደስታ የሚያስነሳኝ እነዚያ ልጆች ብቻ ነበሩ። እነሱን ከወሰዱብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

የቀበሌው ሰው ክፉ አልነበረም። «እህቴ፣ ፈቃድ የሌለው ነገር ለአንቺም አይበጅም፤ ከዚህ ወር ባያልፍ ይሻላል» አለኝ። ማን እንደነገራቸው ስጠይቀው አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። እትዬ ሬዲዮናቸውን ሲቀንሱ እኔን ለማዳመጥ ነው አልኩ። ነርሷ «ሌላም ልጅ ትጨምሪያለሽ እንዴ?» ስትለኝ ጥያቄዋን ለሁለት ቀን ሳመነዥከው ከረምኩ። መንገዱ ጫፍ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ያላት ሴት ከወትሮው ሞቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፤ ሰው በከንቱ እንዲህ አይስቅም አልኩ። በመጨረሻ ግን ጣቴን እትዬ ላይ ቀሰርኩ። አንድ ሳህን ቆሎ ቢልኩልኝ «በደላቸው ቆጥቁጧቸው ነው» ብዬ ሳልቀምሰው ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

እራት ላይ ይህን ሁሉ ለባሌ እዘረዝርለታለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ኩሬ ሲሻገር እንኳ ሦስት ጊዜ የሚያስብ ዓይነት ሰው።

«በቃ ተይው» ይለኛል። «የቀበሌ ቤት ነው። ንግድ ከፈቱበት ብለው ቢነጥቁን የት እንገባለን? ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሶናል እንዴ?»

«እሺ፣ እትዬ ለምን ያሳብቁብኛል?»

«ሰው ዝም ብለሽ አትጠርጥሪ።»

ደግነቱ ነው ብዬ አፈርኩ።

ልጆቹ ግን የቀበሌውን ሰው ፈርተውት ነበር፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሶፋ ሥር ይገባሉ። ስለዚህ እሱንም ጨዋታ ልናደርገው አሰብኩ። ድንች ለሁለት ቆርጬ ማኅተም ቀረጽኩ፤ ቀይ ሥር ቀለም ሆነልን። የእትዬ የልጅ ልጅ ሹም ሆኖ ከጠረጴዛ ኋላ ተሰየመ። ከመንታዎቹ አንዱ ቀርቦ ገና አፉን ሳይከፍት ሹሙ «ነገ ተመለስ!» ብሎ አባረረው። ማንም አላስተማረውም። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ቀጥሎ የልጄ ተራ ሆነ። የአባቷን የእሁድ ኮት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጉሮሮዋን እንደ እሱ ጠርጋ፣ ወደ ሹሙ ጎንበስ አለች።

«ወንድሜ፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልጆች ሰብስባለች። ማለቴ፣ ቤቱን እንዳታስነጥቀን ፈርቼ ነው። መጥታችሁ ከልክሉልኝ። እኔ እንዳልኩ ግን እንዳትነግሯት።»

ሹሙ ድንቹን ወረቀት ላይ ዷ አደረገው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ሳቄ ደርቋል።

«ከአባዬ ጋር ቀበሌ የሄድን ቀን። ሱቅ ነበርን በይ ብሎ ከረሜላ ገዛልኝ።»

እኛ ሰዎች ከባድ ነገር ፊት ለፊት መናገር አይሆንልንም። ለጋብቻም ለዕርቅም ሽማግሌ እንልካለን። ባሌም ገና ከመጀመሪያው «አቁሚ» ብሎ ዓይኔን እያየ መናገሩ ይሉኝታ ሆኖበት ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሽማግሌው የቀበሌ ሠራተኛ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ለቤቱ መፍራቱ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ተናደድኩ። ሰፈሩን ሁሉ ስጠረጥር ከአጠገቤ ተቀምጦ እንጀራውን እየቆረሰ የሰማኝን አንድ ሰው ዘልዬው ነበር። ቆሎውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩና ለልጆቹ አካፈልኳቸው። እኔም ዘገንኩ።

ባሌ ከሥራ ሲመጣ የጎረቤት ልጆች ሄደዋል። ልጄ ኮቱን እንደደረበች በር ላይ ዘላ ተቀበለችው።

«ዛሬ ቀበሌ ቀበሌ ተጫወትን» አለችው። «አንተን የሆንኩት እኔ ነኝ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ከጠረጴዛው ኋላ፣ የሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ድንቹ እጄ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር በእግሬ ገፋ አደረግሁለት።

«ልጆቹ ነገም ይመጣሉ» አልኩት። «በል ቁጭ በልና እዚያ የተናገርከውን ለእኔ ንገረኝ።»