«እንደ ልጅ ያሳደጉን» ግራዝማች

ባለሱቋ ሊያ ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ ስሙን እንዳየሁ የራሰ ካልሲ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ካለው ሱቋ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ነበር። «እትዬ አስካለ፣ ግራዝማች እኮ አረፉ። ያገራቸው ልጅ ስለሆንሽ ሜሞሪያሉ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ታነቢዋለሽ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ እዚያው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ጭሰኞቻቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉ» የሚለው ላይ ስደርስ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት።

አርሲ ውስጥ የሳቸው ጭሰኞች ነበርን። ክረምቱን ከአባቴ ጋር ጤፉን ስናርም እንከርምና፣ ጥቅምት ላይ ማሳው ቢጫ መምታት ሲጀምር ግራዝማች በበቅሎ መጥተው አዝመራውን ያዩ ነበር፤ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ሌላ ጊዜ አናያቸውም። እናቴ የመታያውን በግ ታቀርባለች፣ እኔ ተንበርክኬ ካልሲያቸውን አውልቄ እግራቸውን በገበቴ አጥብ ነበር። የእንግዳ እግር ማጠብ በረከት ነው፤ እሳቸው ግን ውኃው ቀዘቀዘ ብለው በእግራቸው አውራ ጣት አገጬን ገፋ ያደርጉኝ ነበር። እስከ ዛሬ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ ሲሉ ያ ጣት ትዝ ይለኛል፤ ስለ ቂሜም ንስሐ ገብቻለሁ።

በመጨረሻው ዓመት፣ እግራቸው ገበቴው ውስጥ እንዳለ፣ ስለ ምክር ቤቱ አወሩ። «የጭሰኛ ሕግ ይውጣ ብለው ተነሡ። እኔም፣ ጭሰኛዬ ልጄ ነው፤ አባትና ልጅ መሀል ሕግ ምን ይሠራል? ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።»

አባቴ ጋቢውን አደግድጎ እንደቆመ፣ «እውነት ነው፣ ጌታዬ። ልጅዎ ከሆንኩማ መሬቱን ያወርሱኛላ» አለ።

ግቢው የቆመው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ግራዝማች አልሳቁም፤ እርጥብ እግራቸውን ካልሲው ውስጥ ከተው ተነሡ። በሳምንቱ ጭቃ ሹሙ መጥቶ ልቀቁ አለን፤ ኅዳር ላይ በእጃችን ያረምነውን ጤፍ ሳናጭድ ወጣን። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

ወረቀቱን ለሊያ መለስኩላት። በሙት መፍረድ የእግዚአብሔር ነው፣ ስማቸውንም በጸሎቴ አነሣለሁ። ያኔ ዝም ያልኩት ልጅ ስለነበርኩ ነው፤ ዛሬ ግን ያንን መስመር ባነበው ውሸቱ የራሴ ይሆናል።

ያን ቀን ግቢያችን ቆማችሁ የሳቃችሁ፣ በሕይወት ካላችሁ፣ አባቴ ምን እንዳለና ለምን እንደወጣን ታውቃላችሁ። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ።