የታምሩ ገጾች

የመነሻ ትዕዛዙ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነበር። ከጥይት፣ ከውሃና ከደረቅ ምግብ በቀር ምንም እንዳንይዝ ተባልን። የጓድ መሪያችን አስር አለቃ ግርማ ቦርሳዬን ሲፈትሽ ወፍራሙን ልብ ወለድ አወጣ።

«ይሄ ይቀራል» አለኝ።

ከኮልፌ ይዤው የዘመትኩት መጽሐፍ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አጎቴ ብረታ ብረት ቤት ስሠራ ያስተማሩኝ የዚሁ መጽሐፍ ደራሲ ሥራዎች ናቸው። እሱ «ዛፍ» ብሎ አያልፍም፤ ዋንዛ ወይም ግራር ይላል። ሰው ሲሞትም «ጥቂቶች ሞቱ» አይልም፤ በስም ይጠራል። እኔም ነገርን እንደዚያ ማየት ለመድኩ።

ታምሩ የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ነው፤ ቀልደኛ። መጽሐፉን ተቀብሎ ከጀርባው ሰነጠቀው።

«ለአንድ ሰው ይከብዳል። እንካፈለው።»

አስር አለቃው ራሱ የመጀመሪያውን ክፍል ኪሱ ከተተ። የመጨረሻው ለታምሩ ደረሰ።

ኮረብታው ላይ ምሽግ ያዝን። ተኩስ ጋብ ሲል እያንዳንዳችን በተራ የያዝነውን ለሌሎቹ እናነብ ነበር። ቀድሞ መግለጥ ክልክል ነው። ታሪኩ መንገድ ስለጠፋበት አንድ በቅሎ ነጂ ነው። ቤቱ ይገባ እንደሆነ ሁላችንም እንጨነቅ ነበር።

ታምሩ ግን ደንቡን ጥሶ መጨረሻውን አንብቦታል።

«ይገባል?» አልኩት።

«ተራዬ ሲደርስ ትሰማለህ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» ብሎ ሳቀ።

«ካልገባ አንተን ነው የምንደበድበው» አለው አጠገባችን የነበረው ከድር።

ጎህ ሲቀድ ሞርታር ወረደብን። ከዚያ እግረኛ መጣ። መለስነው። እንደገና መጣ። አስር አለቃ ግርማ መትረየሱ አጠገብ ወደቀ። ከድር ሊያነሳው ወጥቶ አልተመለሰም። ቀትር ላይ ኮረብታው በእጃችን ነበር። ታምሩን ምሽጉ ውስጥ አገኘሁት። ገጾቹ ደረት ኪሱ ውስጥ በደም ተጣብቀው አልገለጥ አሉኝ። እዚያው መለስኳቸው፤ አብረውት ተቀበሩ።

ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር መጽሐፍ እጠርዛለሁ። እንደዚያ ደራሲ መጻፍ ባልችልም፣ የተቀደደውን ጠግኜ ለአንባቢው እመልሳለሁ። ባለፈው ክረምት ያው ልብ ወለድ ለጥረዛ መጣልኝ። መርፌዬን አስቀምጬ መጨረሻውን ገለጥኩ። በቅሎ ነጂው ቤቱ ይገባል። ታምሩ ለካ ይህን አውቆ ነው የሳቀው።

ኮረብታው ላይ ሦስት ሰው ቀበርን፤ አስር አለቃ ግርማን፣ ከድርን፣ ታምሩን። ሁለቱ መጨረሻውን ሳይሰሙ ነው የሄዱት። ስለዚህ መጽሐፉን ከመጠረዜ በፊት የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ ታምሩ ከያዘው ገጽ ጀምሬ፣ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት።