በሂሩት አፈር ውስጥ የሸጎጥኩት ዘለበት

ይህን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው፣ ቅዳሜ ለሂሩት ከመናገሬ በፊት አንደበቴን ላለማምድ ነው። አጥፍቻለሁ። በእኔ ጥፋት ሂሩት ተቀጣች።

ሂሩትና እኔ አትላንታ ያደግን፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማርን ነን። አንድ ክረምት ከአስተማሪያችን ጋር ዮርዳኖስ በረሃ ሄድን፤ ሮማውያን ድንበር ለመጠበቅ የሠሯትን የአንዲት ትንሽ ምሽግ ፍርስራሽ ልንቆፍር። ከጉልበት የማያልፍ ግንብ፣ የበር ደፍና የወታደሮቹ ምድጃ ነው የቀረው። ሕጉ አንድ ነበር፤ ያገኛችሁትን ዕቃ የተቀመጠበት ቦታ ሳይለካ እንዳታነሱ። አንዴ ከተነሳ፣ ማን መቼ ትቶት እንደሄደ ማወቅ አይቻልም።

እኔ ምድጃው ሥር የነሐስ የቀበቶ ዘለበት አየሁ። አየሁና አነሳሁት። ምን አጣደፈኝ? ወታደር የታጠቀውን ነገር በእጄ መያዝ አማረኝ፣ በቃ። ልመልሰው ስል የት ጋ እንደነበር ጠፋኝ። አስተማሪው ወደ እኛ ሲመጣ ሳይ ደነገጥኩና ሂሩት ቆፍራ ባወጣችው አፈር ውስጥ ሸጎጥኩት። የገዛ እጄ ነው የሸጎጠው፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም።

አፈሩ ሲነፋ ዘለበቱ ወንፊቱ ላይ ቀረ። አስተማሪው፣ «እንዴት አላየሽውም?» አላት።

«አላየሁትም፣ ይቅርታ» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቁፋሮው ወጥታ የሸክላ ስባሪ እንድታጥብ ተደረገች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አይዞሽ አልኳት። እንዲህ ያለ አይዞሽ ምን ይባላል? እሷ ትምህርቱን ተወችው፤ እኔ ቀጠልኩበት፣ ዛሬ ታሪክ አስተምራለሁ።

ባለፈው እሁድ አቮንዴል እስቴትስ ቤቷ ጋብዛን ነበር። ዘንድሮ ኮሌጅ የገባችው ልጇ፣ «የጥንት ፍርስራሽ ቁፋሮ አለ፣ አፕላይ ላድርግ?» አለቻት። ሂሩት ሳቅ ብላ፣ «ተይው የኔ ልጅ። በእኔ ወጥተሻል፤ የእኛ ዓይን ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም» አለች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንክል፣ አብራችሁ ነበራችሁ አይደል? አንተ ንገራት እንጂ።»

እኔ ምን አልኩ? «እናትሽን ስሚ» አልኩ። ሰው አንድን በደል ሁለቴ ይሠራል? እኔ ሠራሁት።

ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። እኛ ዘንድ የበደለ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» ካሏት ደግሞ ሂሩት እምቢ ማለት አትችልም። ይህን አውቄ ነው ያሰብኩት። ተንኮሌ አሁንም አለቀቀኝም ማለት ነው። ስለዚህ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከምኖርበት ከታከር ነድቼ፣ በሯ ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ልጇ ባለችበት እነግራታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ይቅር ማለቱም አለማለቱም የእሷ ነው። የምላት ይህን ነው፤ «ሂሩት፣ ዓይንሽ አልሳተም። እኔ እስክሸጉጠው ድረስ አፈርሽ ውስጥ ምንም ዘለበት አልነበረም።»