ጥንድ ያጣው ኒውትሮን

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ፈታኞች ፊት ላቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ወረታ፣ እናቴ ቤት መጣሁ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላወጣም ነበር። እናቴ ጭንቀቴን አይታ፣ «ቁሐር ሂጅና ለአጎትሽ አሰሚያቸው፤ ሲሰሙ ነው የኖሩት» አለችኝ።

አጎቴ የቁሐር ሚካኤል የዜማ መምህር ናቸው፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ የኔታ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ተማሪ የሚያርሙት መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ በጆሯቸው ነው። ባጃጁ ጭቃው ጋ ሲደርስ አወረደኝ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ በሩዙ ማሳ ዳር ዳሩን ሄድሁ።

«ምንድን ነው ያጠናሽው?» አሉኝ።

«የኒውክለስን፣ የአቶምን እምብርት ክብደት በስሌት ማወቅ ነው፣ የኔታ።»

«ሚዛን የለም እንዴ?»

«አለ። ብዙዎቹ ግን ሳይመዘኑ ይጠፋሉ፤ ዕድሜያቸው አጭር ነው።»

«እሽ፣ በይ ቀጥይ።»

ኒውክለሱን ከውጭ እንደ ውኃ ጠብታ አይቶ የሚገምት ስሌት እንዳለ ነገርኋቸው። የእኔ ግን ከውስጥ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን ሌሎቹ በጋራ በሚፈጥሩት ኃይል ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስልቶ ክብደቱን ያገኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ «ድገሚው» አሉ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህች ላይ ትሮጫለሽ።»

«የት ላይ?»

«ጎዶሎ ስትይ። ሦስቴም ሮጥሽ። ያላጠና ተማሪ እንዲህ እያለ ነው ሊያልፈኝ የሚሞክር።»

ፊቴ ጋለ። የኒውትሮናቸው ቁጥር ጎዶሎ የሆኑት ኒውክለሶች በእኔ ስሌት በሚዛን ከታወቀው ቀለው ነበር የወጡት። ምክንያቱን ስላላወቅሁ፣ ፈታኞቹ እንዳያስተውሉት ተስፋ አድርጌ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር።

ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «ልጅቱ ገና መምጣቷ ነው፤ እንደ ተማሪዎችዎ አያስጨንቋት!» አሉ።

«ከነሱስ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ ታፍራለች።»

እያፈርሁም ቢሆን አስረዳኋቸው። ኒውትሮኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመዳሉ። ሲጣመዱ ኒውክለሱ ተሳስሮ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ጉልበት ስለሚያወጣም በዚያው መጠን ይቀላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን አንዱ ብቻውን ይቀራል። «እንደ ባለ አንድ በሬ» አልሁ፣ ሌላ ምሳሌ ስላልመጣልኝ።

«ባለ አንድ በሬማ መቀናጆ ይገባል፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምዶ ያርሳል።»

«ይሄ ጎረቤት የለውም፣ የኔታ።»

«ታዲያ አንች ምን አድርገሽ ቆጠርሽው?»

የሠራሁትን በልቤ ከለስሁት። ስሌቱን የጻፍሁት ለጥንዶቹ ነበር፤ ለጎዶሎዎቹም ሳልቀይር ተጠቅሜበታለሁ። ያ ብቸኛ ኒውትሮን ቦታ ይዞ ጥንዶቹ እንዳይገቡበት መከልከሉን ዘንግቻለሁ። ለዚህ ነው ኒውክለሶቹ ከልክ በላይ ጠብቀው፣ ከልክ በላይ የቀለሉት።

«ጎረቤት ሰጥቸዋለሁ» አልሁ።

የኔታ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

በቀሩኝ ቀናት ጥቂቶቹን እንደ ገና አሰላሁ፤ ወደ ሚዛኑ ቀረቡ። ሁሉንም ለመድገም ግን ጊዜ አልበቃኝም፤ ስህተት ያለበትን ሠንጠረዥ ይዤ ነው የቀረብሁት። ጎዶሎዎቹ ጋ ስደርስ አፌ ሊሮጥ ሲል ገታሁት። «ይህ ሠንጠረዥ ስህተት አለበት። ስህተቱ የኔ ነው፤ ምክንያቱንም አግኝቸዋለሁ» አልሁ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ። አንዱ ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን ልጠይቅሽ ጽፌው ነበር» አሉና ከወረቀታቸው ላይ ሰረዙት። የቀሩትን አርሜ እንዳስገባ ተነግሮኝ አለፍሁ።

በጥናቱ የምስጋና ገጽ ላይ፣ ከአማካሪዬ ቀጥሎ፣ ፊዚክስ ያልተማሩ አንድ መምህር አሉ። ያነበበው ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ ግን የማመሰግናቸው ስህተቴን ስላገኙልኝ ብቻ አይደለም፤ ሊደመጥ እንደሚገባው ሰው ቆጥረው ስለሰሙኝም ነው።

ልነግራቸው ቁሐር ስሄድ ሩዙ ታጭዶ ነበር።

«አለፍሽ?»

«አለፍሁ፣ የኔታ።»

«ሮጥሽ?»

«አልሮጥሁም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በይ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው አሰሚኝ።»